ያጣላችን ዓረፍተ ነገር

ድሬ ከሰዓት በኋላ ለሥራ አትመችም። እኔና ታናሽ እህቴ ግን ሰሞኑን ከዚራ፣ ግቢያችን ካለው ኒም ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ዓረፍተ ነገር እንለቅማለን።

በአማርኛ ከተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች አጠቃሎውን፣ ማለትም ጥናቱን ባጭሩ የሚያቀርበውን አንቀጽ፣ እናወጣለን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሚናውን እንሰጣለን፦ ዳራ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ። በቂ ሲጠራቀም ኮምፒውተሩ ከዚያ ተምሮ ራሱ ይለያል።

ለእንግሊዝኛ ይህ የቆየ ሥራ ነው። ሲሞን ቶይፍል እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናቷ ዓረፍተ ነገሮችን በሰባት ሚና ከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 200 ሺህ ገደማ የሕክምና አጠቃሎዎች ተሰብስበው ወጡ፤ 2.3 ሚሊዮን ያህል ዓረፍተ ነገር! ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ በእጁ የለየ የለም። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው «ዘዴ»፣ «ውጤት» እያሉ ንዑስ ርዕስ ሰጥተውት ነበር። እኛ ጋ ያሉት ግን አንድ ወጥ አንቀጽ ናቸው። ስለዚህ በእጅ ነው።

ገና ከመጀመሪያው አራት ነጥብ አስቸገረኝ። አንዱ «።» ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት ነጥብ ደጋግሞ «፡፡» ያደርገዋል። ለዓይን አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ለሚለያየው ፕሮግራም ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ሦስት ዓረፍተ ነገር አጣብቆ እንደ አንድ ይሰጠኛል።

ደስ የሚለኝ ማሰሪያ አንቀጹ ነው። አማርኛ እስከ መጨረሻው ያስጠብቅሃል። «ተሰብስበዋል» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዘዴ ነው። «ያመለክታል» ካለ ውጤት፣ «ይገባል» ካለ መደምደሚያ።

ያጣላችን ግን ይህቺ ናት፦ «አብዛኞቹ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት አይጠቀሙም።» እኔ ውጤት አልኩ። እህቴ ዳራ አለች።

«እንዴት ዳራ ይሆናል? ያገኙትን እኮ ነው የሚናገሩት!»

«አቦ፣ ወረቀቱን እየው! ከላይ ናት። ገና ችግሩን እየነገረህ ነው።»

እውነቷን ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን አደበላልቄ በሰንጠረዥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በቅደም ተከተሉ ተመርተን እንዳንገምት ብዬ። ለካ ቅደም ተከተሉ ራሱ የትርጉሙ ግማሽ ነው። ያቺው ዓረፍተ ነገር «የጥናቱ ዓላማ» ከሚለው በፊት ከመጣች ዳራ፣ ከ«ተተንትነዋል» ቀጥላ ከመጣች ውጤት ናት። ሰው ይህን ሳያስበው ያነባል። ማሽኑም ጎረቤቶቿን አብሮ ካላየ ከግምት አያልፍም።

ስለዚህ የለየነውን ሁሉ ወደየአጠቃሎው መልሼ እንደገና ጀምረናል። እህቴ አሁን ከላይ ወደ ታች ድምጿን አውጥታ ታነባለች፤ እኔ እጽፋለሁ።