ሙስ ይበላል ወይ?

ዛሬ ጅማ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጇ ከሲያትል መጥቷል። አምና አላስካ ድረስ ሄዶ፣ መሪ ቀጥሮ ሙስ አድኗል! ፎቶውን ሲያሳየን አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

"በቅሎ ነው በሬ?"

የአጋዘን ዘመድ ነው። ወንዱ ከ600 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በትንሿ አውሮፕላን በገቡበት ቀን መተኮስ ክልክል ነው አለን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ድንኳን ውስጥ ዝናብ ሲያዳምጥ ዋለ። ሥጋውን ጥሎ ቀንዱን ብቻ ይዞ መሄድም ያስቀጣል። (ይቺን ሕግ ወደድኳት።) ተሸክሞ ማውጣቱ ግን ወገቡን ቆርጦታል።

አክስቴ ጭንቀቷ ሌላ ነው። "ሰኮናው ስንጥቅ ነው? ያመሰኳል?"

"አዎ፣ ሁለቱንም።"

"እሺ፣ ማን ባረከው?"

ልጁ ዝም። ቶናው ተቀዳ።