የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ፦ እስካሁን የመሬት ወረቀት የሰጠኝ

የዘር ሐረጋችንን ማጠናቀር ከጀመርኩ ቆየት ብሏል። የት እንደደረስኩ ላካፍላችሁ፤ እናንተም የምትጨምሩት አይጠፋም።

የጀመርኩት እንደ ሁሉም ሰው ሽማግሌ በመጠየቅ ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩላችኋል፣ ያውም ሳይደናቀፉ። ግን ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ በወንድ በወንድ ይሄዳል። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ... ሴቶቹስ? የሉም።

ሴቶቹን ያገኘኋቸው ከርስት ክርክር ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ «ድርሻ አለኝ» የሚል ሰው መንገዱ በሴት አያቱ በኩል ከሆነ እሷን ሊዘላት አይችልም። በአባቴ በኩል ያሉ ዘመዶች ሣጥን ውስጥ የተገኘ አንድ የጃንሆይ ዘመን የፍርድ ግልባጭ አለ፤ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ከሳሹ አያቱን፣ የአያቱን እናት፣ የእሷን አባት እያለ ይወጣል። ተከሳሹ ደግሞ መሐል ላይ አንዷን ይዞ «የእሱ ልጅ አይደለችም» ብሎ ይክዳል። ከታች የምስክሮች ስም ከነአባታቸው ተደርድሯል፤ ግማሾቹ ዘመዶቻችን ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ያ ሰው የሚቆጥረው መሬት ለማግኘት እንጂ ለእኛ ታሪክ ብሎ አይደለም። የረታው ሁሉ እውነተኛ ልጅ ነው ማለት አይቻልም፣ የተረታውም ውሸታም ነው ማለት አይደለም። እኔ ሁለቱም ወገን ያልተካካዱበትን ስም ብቻ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ የተከራከሩበትን በእርሳስ።

የእናቴ ወገን ሸዋ ነው፣ ቀላድ የተጣለበት፣ ማለትም መሬቱ በገመድ ተለክቶ የተመዘገበበት አገር። እዚያ የረዳኝ የግብር ደረሰኝ ነው። በ1934 ዓ.ም. አዋጅ በጋሻ (የድሮ የመሬት መለኪያ ነው) ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር ይከፈል ስለነበር፣ ከወረቀቱ የመሬቱን መጠንና ዓይነት መገመት ይቻላል። ስሙን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ባለመሬቱ ከሞተ በኋላም ልጆቹ በእሱ ስም ይገብሩ ነበር፤ ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ያለ ቀን ሰውየው በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን አዋሳኙን ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ይላል። የአባት መሬት ሲከፋፈል ወንድምና እህት ጎን ለጎን ስለሚደርሳቸው፣ ማንም ያልነገረኝን የአያቴን እህት ያገኘኋት የሌላ ሰው ወረቀት ላይ አዋሳኝ ሆና ነው። አሁን በየገጠሩ ያለው የይዞታ ደብተርም አዋሳኝ ይጽፋል፣ አማራ ክልል ላይ ደግሞ የባልና ሚስት ፎቶ ሳይቀር አለበት።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገው ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ በኋላ ነገሩ ይቋረጣል። መሬት በቆጠራ መገኘቱ ሲቀር ልጆችም መቁጠር ተዉ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ርስት የተከራከሩ አዛውንት ካሏችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ድምፃቸውን ቅዱ።

ዕድሜ ስትጠይቁ ዓመተ ምሕረት አትጠብቁ። በኅዳር በሽታ ጊዜ ከሆነ 1911 ነው፣ በማይጨው ከሆነ 1928። ስምም ያስቸግራል። አንዱ ሰው በዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙና በፈረስ ስሙ ሦስት ቦታ ሊጻፍ ይችላል። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይዤ ስም፣ አባት፣ ቀበሌና ምንጭ እጽፋለሁ፤ እርግጠኛ እስክሆን ሁለት ካርድ አልቀላቅልም።

አሁን የገባሁበት የብራና ኅዳግ ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ከነዋሱ፣ ከነእማኙ ይጻፍ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹን የአሜሪካው ሂል ሙዚየም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያሳያል፣ መመዝገብ ብቻ ነው። የእኛ ደብር ብራና መነሣቱን ገና እያጣራሁ ነው። የኅዳግ እጅ ጽሑፍ ማንበብ የለመደ ካለ ግን እባካችሁ ጻፉልኝ፣ አንዳንዱ ቀለም በጭራሽ አልነበብ ብሎኛል።