ሰም ይዤ ድሬ ገባሁ

ሻማ ሠሪ ነኝ። የመብራት መጥፊያውን ማለቴ አይደለም፤ የሰርግና የልደቱን፣ ሽታ ያለውን፣ ደረቅ አበባ የተለጠፈበትን፣ «ውይ ሲያምር! ይሄማ አይለኮስም» ተብሎ ቡፌ ላይ ዕድሜ ልኩን አቧራ የሚጠጣውን ነው።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ሐምሌ ላይ እንጦጦ ሥር ሻማ መሥራትን ለጠላትም አልመኝ። ሰሙን ፎርማ ውስጥ ሳፈሰው ከዳር ከዳር ቶሎ ይቀዘቅዝና ይሰነጠቃል። ክሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ሲለኮስ ችር ችር እያለ ይተፋል። አበባው ይሻግታል። ማታ የለጠፍኩትን የስም ወረቀት ጠዋት ከመሬት ነው የማነሳው። እናም ባለቤቴ «ወደ ድሬዳዋ አዛወሩኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ አለ፣ ጭቃ የለ! ሰርግ እንደሆነ ድሬ መቼ ጠፍቶ!

እናቴ ብቻ «ሰም ይዘሽ?» አለችና ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።

ዕቃው በአይሱዙ፣ እኛ በአውቶቡስ ሄድን። ሾፌሩ አዋሽ ላይ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ምሳውን ተረጋግቶ በልቷል፤ ይህን ያወቅሁት ድሬ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ነው። የገቡት ሠላሳ ምናምን ሻማዎች ነበሩ። የወጣው አንድ ነው። ቀዩ ቢጫውን አቅፎ፣ አረንጓዴው መሃላቸው ገብቶ ተኝቷል፤ በየአቅጣጫው ክር ብቅ ብቅ ብሏል፤ ጎኑ ላይ የካርቶኑ ጽሑፍ ተገልብጦ ታትሟል። ያወረደልን ልጅ በጣቱ ጫን ጫን አደረገውና «አቦ እህቴ፣ ይበላል እንዴ?» አለኝ።

እኔ በዚህ የምበገር አይደለሁም። ማታ ባለቤቴን አስቀምጬ በቁጥር አስረዳሁት። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ነው። ድሬ ቢከፋት ቢከፋት ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 በላይ ትላለች እንጂ 60ን የት አግኝታው? ባለቤቴ በካናቴራ ተቀምጦ፣ በካርቶን ቁራጭ እያራገበ «እሺ» አለ። ችግሩ ሰም ለመቅለጥ 62ን ይጠብቅ እንጂ ለመልፈስፈስ ሠላሳ ምናምን ይበቃዋል። የተከራየነው ክፍል ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለማወቅም አልፈለግሁም።

ሌላም ጣጣ አለ። ሰም ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ ከፎርማው የሚላቀቀውም በዚሁ ነው። ድሬ ላይ ምን አስበርግጎት ይሸማቀቅ? ፎርማው ውስጥ ተንሰራፍቶ ይቀመጣል። ጎትቼ ጎትቼ ሳወጣው ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ቤቱ ይቀራል።

በዚህ መሃል የባቡር ሐዲዱ ታሪክ ያናድደኝ ጀመር። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ተራራው ከበደና ታች ባለው ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ገባ፤ ድሬዳዋም እንዲህ ተወለደች። ያኔ መሐንዲሶቹ ትንሽ ቢጨክኑ ኖሮ ባለቤቴን የሚያዛውሩት ሐረር ነበር፤ ሻማዬም ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። «ወደ ሐረር መውጫው ደንገጎ ላይ መጋዘን ተከራዪ፣ እዚያ ብርድ አለ» ያለኝ እሱው ነው። እየቀለደ መሆኑ የገባኝ የመኪና ዋጋ ጠይቄ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ፍሪጁ የሻማ ሆነ። ድሬ ውስጥ ደግሞ ለመጣ እንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ አለመስጠት ነውር ነው። አከራዬ አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ላቧ ጠብ እያለ ገባችና «ልጄ፣ ቀዝቃዛ አለሽ?» ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ፍሪጁን ከፈተችው። ላይ ሻማ፣ ታች ሻማ፣ እንቁላል ማስቀመጫው ላይ ትንንሽ ሻማ። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና «እግዜር ይርዳችሁ» ብላ ወጣች።

ከሰርጉ ግን የሚብስ የለም። የሙሽራዋ አክስት ለከዚራ አዳራሽ ረጃጅም ነጭ ሻማ አዘዘችኝ፤ በየጠረጴዛው አንድ አንድ። ከፍሪጅ አውጥቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በረዶ የሞላበት ሳፋ ውስጥ አጋድሜ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ዞር እያለ «እህቴ፣ ዓሣ ነው እንዴ? ወንበሬን አራስሽው እኮ!» ይላል። ቢሆንም ቀጥ እንዳሉ ደረሱ። ደርድሬ ሳበቃ አዳራሹ አምሮ ነበር፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

ከዚያ እንግዳው ገባ። በሩ ወለል አለ። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ሙቀት ነው። ሙሽሮቹ በእልልታ ሲገቡ በር አጠገብ ያለው ሻማ ጫፉን ዘንበል አደረገ። ቀጥሎ ያለው ወገቡን አጠፈ። እነሱ ወደ ፊት በሄዱ ቁጥር ሻማዎቹ በየተራ ጎንበስ፣ ጎንበስ። የክብር ጠረጴዛው ላይ የነበረውማ ሙሉ በሙሉ ተጋድሞ ድፎ ዳቦውን ተንተራሰ። አክስትየዋ ከአዳራሹ ማዶ ዓይኗን ተከለችብኝ። እኔ ምሰሶ ፈለግሁ። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «አቦ ተዉአቸው! ለሙሽሮቹ እየሰገዱ ነው!» አሉና ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽራዋን ትቶ ሻማ መቅረጽ ያዘ። አክስትየዋ ቀሪ ሒሳቤን ሰጠችኝ፤ «ምርቃቱ ነው እንጂ ሻማሽስ» እያለች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ወደ ሌሊት አዞርኩት። ድሬ ሌሊት ይነፍሳል፤ ሰውም አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከሰሉን አያይዤ፣ የፈላ ሰም እያማሰልኩ፣ ሰሙ እንዳያቃጥለኝ ከንፈሬን ነክሼ በጸጥታ አፈሳለሁ። ከአልጋው ሆኖ ለሚያየኝ ምን እንደምመስል ማን አስቦት!

አንድ ሌሊት ጎረቤቴ ሽቲዋን ሰብሰብ አድርጋ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። በሹክሹክታ «የኔ እህት፣ ልጄ ጅቡቲ ሄዶ ስልክ አቆመ። እስቲ እዪልኝ» አለች።

«እኔ እኮ ሻማ ነው የምሠራው።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ከእኔ አይወጣም» ብላ ጠቀሰችኝ። ፎርማው ሥር መቶ ብር ወሽቃ ሄደች። ሲነጋ መልሼ እሰጣታለሁ ብዬ ተውኩት።

ሲነጋ ልጁ ደወለላት።

በማግስቱ ሌሊት ሦስት ሆነው መጡ፤ አንዷ አከራዬ ናት። ብሩን መልሼ ጠንቋይ እንዳልሆንኩ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ ከአልጋው ተነስቶ በእንቅልፍ ዓይኑ ወንበር እያወጣላቸው ነበር።