ግራዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ

የሐምሌ ዝናብና ንፋስ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ገንድሶ አራት ኪሎ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን አጥር ላይ ጣለው። እኔ የግቢ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ባለሞተር መጋዙም በስሜ ወጪ የሆነ ንብረት ነው። ማታ አፍንጮ በር ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩና ሰንሰለቱን ለመሳል በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ክብ ሞረዱን የገዛሁት ከምናለሽ ተራ ነው፤ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለኛ ሰንሰለት ልኩ። (ከዚያ በፊት በወፍራም ሞረድ አንድ ሰንሰለት አበላሽቻለሁ፤ እሱን ተዉት።) የሰንሰለት ጥርስ አንዱ ወደ ቀኝ ቀጣዩ ወደ ግራ እያለ ይሄዳል። የአንዱ ወገን ለእጄ ይመቻል፤ ሞረዱ 30 ዲግሪውን ይዞ ከውስጥ ወደ ውጭ ሽው ይላል። ግራዎቹ ግን ክንድ ያጣምማሉ። እነሱ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ባለቤቴም «ኧረ ጥርሴን አጠረሰው!» አለችኝ። በስልኬ መብራት ሁለት ሁለት ጊዜ አስነክቼ ተኛሁ።

ጠዋት መጋዙ ቅቤ የሚቆርጥ መሰለ። ግንዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ጎን ይጎትተኝ ጀመር። እጄ የደከመ መስሎኝ ተጫንኩት። ቁርጡ እንደ ማጭድ ጎብጦ ምላሱን፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ነክሶ ያዘው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰንሰለቱ አይዞርም፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አጠፋሁት።

ያኔ ግቢው በሙሉ መካኒክ ሆነ። ካንዴላው ነው፣ ካርቡሬተሩ ነው፣ ዘይት አብዝተህ ነው! ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ለክቼ እንደቀላቀልኩ ብምል ማን ይስማኝ።

ጡረታቸው የደረሰ አናጺ አሉን፤ ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። ምንም ሳይሉ ሽብልቅ በመዶሻ መትተው ቁርጡን ከፈቱልኝ። የካንዴላውን ገመድ አስነቀሉኝ። ከዚያ የክብሪት እንጨት በአንዱ ጥርስ ልክ ሰብረው በማዶኛው ላይ ለኩት። አልገጠመም።

«ግራውን ስንቴ ሞረድከው?»

«መብራት ጠፍቶብኝ ነው ጋሼ...»

«መብራት አልጠየቅኩህም። ጥንድ በሬ ጠምደህ አንዱን ብቻ አብልተህ አሳደርከው። ትልሙ ቀጥ ይላል?»

አጭሩን ጥርስ ፈልገን ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ አወረድነው። ደህና ብረት በዱቄት መልክ መሬት ሲወርድ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ሌላ መላ ግን የለውም። ከጥርሱ ፊት ያለችውንም ጉብታ በጠፍጣፋ ሞረድ ነካ ነካ አደረጉ። ጥርሱ በተሞረደ ቁጥር ቁመቱ ይቀንሳል፤ ጉብታዋ እንደቆመች ከቀረች መጋዙ እንጨት አይነክስም፣ ትቢያ ብቻ ይተፋል። ጉብታዋ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብትል በቂ ነው። «እሷን መሞረድ ካበዛህ ግን መጋዙ ዘሎ ግንባርህን ይልሃል» አሉኝ። የምላሱን ቦይ ስንጠርግም የዘይት ቀዳዳው በእርጥብ ሰጋቱራ ተደፍኖ አገኘነው።

ከሰዓት በኋላ አጥሩ ነጻ ወጣ። አሁን ስሞርድ ከግራ እጀምራለሁ፣ ለሁሉም እኩል እየቆጠርኩ፤ መነሻዬን ጥርስ በጥፍር ቀለም ምልክት አደርግበታለሁ።

የጎበጠውን ቁራጭ ጥበቃዎቹ በር ላይ መቀመጫ አድርገውታል። ስገባ ስወጣ አየዋለሁ፤ ሲቀመጡበት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።