አስቀድማችሁ አጥንቱን አሳዩ

ስለ ሰው ዝግመተ ለውጥ ለተማሪዎች ሳስረዳ የማትቀር ጥያቄ አለች። «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ ዝንጀሮ እስካሁን ለምን አለ?» ጥያቄዋን እወዳታለሁ። ጠያቂው እያሰበ ነውና ሊሳቅበት አይገባም። መልሴ አጭር ነው። አንተና የአክስትህ ልጅ አያታችሁ አንድ ናት፤ ግን አንዳችሁ ከሌላችሁ አልተወለዳችሁም። የእኛና የቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያትም የኖረው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ነገሩን ያበላሸው ያ ከዝንጀሮ እስከ ሰው በሰልፍ የሚሄደው ሥዕል ነው፤ ጎባጣው ከኋላ፣ ቀጥ ያለው ከፊት። ብችል ከየግድግዳው አስወርደው ነበር።

ስለዚህ ከንድፈ ሐሳቡ አልጀምርም። የቺምፓንዚና የሰው የራስ ቅል ቅጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ገልብጡትና ትልቁን ቀዳዳ ፈልጉ» እላቸዋለሁ። ህብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። የቺምፓንዚው ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። የሰው ግን ከሥር፣ መሃል አካባቢ ነው፤ ቆመን ስንሄድ ጭንቅላታችን አንገታችን ላይ ተመጣጥኖ ይቀመጣላ! በጣታቸው ሲነኩት ክርክሩ ይበርዳል፣ ጥያቄው ይጎርፋል።

ከዚያ ወደ ድንቅነሽ እንሄዳለን። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው የተገኘችው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አንጎሏ ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። የጭን አጥንቷ ግን ወደ ጉልበት ሲወርድ ልክ እንደኛ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር ማለት ነው። እግር ቀደመ፣ ትልቅ አንጎል በኋላ መጣ። አብዛኛው ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው።

ለትንንሾቹ ተማሪዎች ደግሞ «ሰላም» የተባለችውን ቅሪተ አካል የሚያህል የለም። በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ናት፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ስትሞት ገና የ3 ዓመት ልጅ ብትሆን ነው። ሲቲ ስካን ሲደረግ መንጋጋዋ ውስጥ ያልበቀሉ ቋሚ ጥርሶች ታይተዋል። ይህን ስናገር ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሁሉ እጁ ወደ ድዱ ይሄዳል።

«ከእምነቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ማንንም ከእምነቱ ላስወጣ አልመጣሁም። አጥንቱ የሚያሳየውን ግን አልሸፋፍንም።

ቅጂ የሌላችሁ መምህራን፣ የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት አጥንቶች የ3ዲ ፋይል በ2008 ዓ.ም. ለሕዝብ ተለቋል። የ3ዲ ፕሪንተር (ቅርጹን በፕላስቲክ የሚሠራ ማተሚያ) ያለው ሰው ፈልጉና አሳትሙት። ጉልበቷን አስቀድሙ።