«ግፊ» የምትላት ምኗን ነው?

ባንድ መምራት ከጀመርኩ ጀምሮ ለዘፋኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ «ከድያፍራም ግፋ!» ከየት እንደለቀምኩት አላስታውስም። ቃሉ የሚያስፈራ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

አዲስ የቀጠርናት ልጅ ግን ቃሌን አክብራ ፈጸመችው። ልምምዳችን ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ የቸርችልን ዳገት ወጥታ፣ ደረጃውንም ጨርሳ እያለከለከች ገባች። (አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ዳገቱ የራሱ ጉዳይ ነው።) ውሃ እንኳ ሳትጠጣ አምባሰል አስጀመርኳት። ረጅሙ ሐረግ ላይ ስትደርስ «ግፊ!» አልኩ። ሆዷን ወደ ውስጥ ጨምቃ ገፋች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ድምፅዋ ሻከረ፣ ሐረጉ ሳያልቅ ትንፋሿ አለቀ። «አሁንም ግፊ!» በአራተኛው ሙከራ ላይ ዓይኗ ጨለመባትና ወንበር ይዛ ተቀመጠች።

በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ዋሽንት ነፊያችን ዋሽንታቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «አንተ ልጅ፣ ግፊ የምትላት ምኗን ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ ከጓዳ ሁለት ኪሎ ስኳር አስመጡ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተኛችና ከረጢቱን ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «ስትስቢ ስኳሩ ይነሣ፤ ትከሻሽን ተይው። ስታወጪ እንደ እባብ ስስስ እያልሽ፣ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይውረድ።» መጀመሪያ ዘጠኝ ቆጥረን አለቀባት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሃያ ሁለት ደረሰች።

ማታ ነርስ እህቴን ጠየቅኳት፤ ሳቀችብኝ። ድያፍራም ከሳንባ ሥር እንደ ጉልላት ጎብጦ የተዘረጋ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ጠፍጠፍ ብሎ ይወርዳል፤ ሳንባ ይሰፋል፣ አየር ይገባል፣ ወደ ታች የተገፋው የሆድ ዕቃም ሆድን ወደ ፊት ያወጣዋል። በእርጋታ ስንተነፍስ የሚወርደው ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በጥልቅ ስንስብ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሥራው መሳብ ነው እንጂ መግፋት አይደለም። አየር ሲወጣ እየላላ ወደ ላይ ይመለሳል፤ የሚገፉት የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው። ዘፋኝ የሚለፋው ያ መመለስ እንዳይቸኩል፣ የጎድን አጥንቶቹ ተከፍተው እንዲቆዩ ነው። እኔ ግን ያለውን አየር በአንድ ጊዜ አስጨምቃት ነበር፤ የድምፅ አውታሮቿ ያን ግፊት ለመቋቋም ሲጠብቁ ነው ድምፅዋ የሻከረው።

በወሩ ያንን ሐረግ መድረክ ላይ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

አሁን ከመድረኩ ጎን ሆኜ የማንሾካሹከው ቃል ተለውጧል፦ «ስኳር!» ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ አስተናጋጅ ሰምቶኝ ማስቀመጫውን ከነማንኪያው ይዞልኝ መጣ።