ሃፍ ታይም ሻፍል፦ ከፐርዲ ወደ ቦናም፣ ከቦናም ወደ ፖርካሮ (የ12 ሳምንት የልምምድ መዝገብ)

በሮክ ሙዚቃ ከሁሉ በላይ ተፅዕኖ ያሳደረው ድራመር ማን ነው የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ድራም ለሚማር ሰው የበለጠ የሚጠቅመው አንድ ምት ይዞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መከተል፣ እያንዳንዱ ድራመር የጨመረበትንም በራስ እጅና እግር መሞከር ነው። ይህ መዝገብ የተከተለው ምት ሃፍ ታይም ሻፍል ይባላል፤ በሦስት የሚከፈል፣ በግማሽ የዘገየ የሚመስል የድራም ምት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርናርድ ፐርዲ ይህን ምት በ1977 ከስቲሊ ዳን ባንድ ጋር «ሆም አት ላስት» ላይ፣ በ1980 ደግሞ «ባቢሎን ሲስተርስ» ላይ መታው። ጆን ቦናም በ1979 ከባንዱ ከሌድ ዘፕሊን ጋር «ፉል ኢን ዘ ሬይን» ላይ በራሱ መንገድ አመጣው። በ1982 ጄፍ ፖርካሮ የሁለቱን አዋህዶ፣ ከሥሩ የሮክ አንድ ሮሉን ዘፋኝ የቦ ዲድሊን ምት በእግሩ አስገብቶ የባንዱን የቶቶን «ሮዛና» ሠራ። ከማን ምን እንደወሰደ ፖርካሮ ራሱ ሳይደብቅ አስተምሯል። ዘፈኑ በ1983 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ሽልማት አገኘ።

ፐርዲ በዋናነት የሶልና የፈንክ ሰው ነው። ቢሆንም የሮክ ድራም ከዚያ ሰፈር ያልተበደረበት ጊዜ የለም። ኧርል ፓልመር በ1949 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከዘፋኙ ፋትስ ዶሚኖ ጋር «ዘ ፋት ማን»ን ሲቀርጽ 2ኛውንና 4ኛውን ምት በስኔር (ከሥሩ ሽቦ ባለው ድራም) አጥብቆ ይዞ ነበር፤ የሮክ ድራም በሙሉ በዚያ ላይ የቆመ ነው። ዴቭ ግሮል በኒርቫና ባንድ ጊዜ የታወቀባቸውን ፍላሞች (ሁለቱ እጆች ጥቂት ተቀዳድመው የሚመቷቸውን ድርብ ምቶች) ከዲስኮና ከፈንክ ድራመሮች፣ በተለይ ከቺክ ባንዱ ቶኒ ቶምሰን እንደወሰደ በአደባባይ ተናግሯል። ስለዚህ አንድን ድራመር ለመረዳት እሱ ራሱ ማንን ይሰማ እንደነበር መከታተል ያስፈልጋል።

ለልምምዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ መለማመጃ ፓድ ወይም ስኔር፣ አንድ ጥንድ 5ኤ (መካከለኛ ውፍረት ያለው) ስቲክ፣ ሜትሮኖም (ፍጥነት ጠባቂ ቆጣሪ)፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ከ7ኛው ሳምንት ጀምሮ ሙሉ ድራም ወይም ኤሌክትሮኒክ ድራም ይፈለጋል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይበቃል። 2 ሰዓት በአንድ ጊዜ መምታት ግን የግራ አንጓን ያደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ቀስ ያለውን (ድምፁ ዝቅ ያለውን) ምት ይረሳል፣ ይህ ምት በሙሉ የተሠራው በቀስታ ምቶች ነው።

ሳምንት 1–3፦ እጅ ብቻ

አቆጣጠሩን በአማርኛ ማድረግ ብዙ ችግር ያስወግዳል። «ከበሮ» የሚለው ቃል ሦስት ድምፅ ነው፦ ከ-በ-ሮ። አንድ ባር አራት «ከበሮ» ነው። ቀኝ እጅ ሀይ-ሃት (በእግር የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥንድ ሳህኖች) ላይ «ከ»ንና «ሮ»ን ይመታል፤ ግራ እጅ ስኔር ላይ «በ»ን በቀስታ ይነካል፤ ይህ ጎስት ኖት ነው። የሦስተኛው «ከበሮ» «ከ» ላይ ግራ እጅ ስኔሩን በኃይል ይመታል። ያ ባክቢቱ ነው። በአንድ ባር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ ምቱ በግማሽ የዘገየ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

በችክችካ ላደገ ጆሮ በሦስት መክፈል አዲስ አይደለም፤ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። የሚያስቸግረው ክብደቱ ነው። ችክችካ የለመደ እጅ ኃይሉን በየ«ከበሮ»ው ማከፋፈል ይወዳል፣ እዚህ ግን ከባዱ የስኔር ምት አንድ ብቻ ነው። ምቱ ወደ ችክችካ ሲንሸራተት ከተሰማችሁ ግራ እጁን አቁማችሁ በቀኝ ብቻ 8 ባር ምቱና ባክቢቱን ብቻ ጨምሩ፤ «በ»ዎቹ በመጨረሻ ይመለሱ።

በ60 (በደቂቃ 60 «ከበሮ») ተጀምሮ በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ 80 ላይ ለ3 ደቂቃ ያለማቋረጥ መምታት ተችሏል። ከዚህ በላይ መቸኮል አይገባም።

ስለ ሜትሮኖሙ አንድ ነገር። አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ሮዛናን 86 ይሉታል፣ ሌሎች 172። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚቆጥሩት ነገር ተለያይቶ ነው። እዚህ እንደምንቆጥረው፣ ባክቢቱ 3ኛው ምት ላይ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከ170 ትንሽ በላይ ነው፤ «ፉል ኢን ዘ ሬይን» ደግሞ 130 አካባቢ። በ86 ተለማምዶ «ደርሻለሁ» ያለ ሰው ቅጂውን ሲከፍት በትክክል ግማሽ መንገድ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

ሳምንት 4–6፦ ከባክቢት በኋላ ያለው «በ»

የምቱ ከባድ ቦታ ይህ ነው፤ ሦስቱም ሳምንት የሄደው እዚህ ላይ ነው። ግራ እጅ 3ኛው «ከ» ላይ በኃይል ይመታል፣ ወዲያው ያው እጅ «በ»ን በሹክሹክታ መንካት አለበት። በ120 ፍጥነት በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ነው፤ በሮዛና ፍጥነት 0.116 ሰከንድ ብቻ።

በአብዛኛው የሚበላሸው እንዲህ ነው። ባክቢቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ይወርዳል። ስቲኩ ቆዳውን መትቶ በራሱ ጉልበት ተመልሶ ወደ ላይ ይነሣል። እጁ ካልያዘው 20 ሳንቲሜትር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚወርደው «ጎስት ኖት» ጎስት መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ባክቢት ይሆናል። መፍትሔው ስቲኩን ከመታ በኋላ ከቆዳው 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ላይ ማቆም ነው። ይህ የሚደረገው ምቱ ባረፈበት ቅጽበት የኋላ ሦስት ጣቶችን ለአፍታ ጠበቅ አድርጎ ወዲያው በመልቀቅ ነው። ጥበቃው ከቆየ ክንዱ ይደርቅና «በ» ጭራሽ አይወጣም።

መልመጃው ቀላል ነው። ከፓዱ አጠገብ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው መጽሐፍ አስቀምጡ። በ60 ፍጥነት በግራ እጅ ብቻ፦ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀስታ፣ አንድ ዝምታ። ከከባዱ በኋላ የስቲኩ ጫፍ ከመጽሐፉ በላይ ከታየ እንደገና ጀምሩ። በቀን 5 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጅ ይመለስ።

ድምፁ ሳይስተካከል ጥፋቱን እጅ ላይ ማድረግም ስህተት ነው። የስኔሩ ሽቦ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ቀስታው ምት ይታነቃል፤ ሽቦው ሳይንቀጠቀጥ ደረቅ «ጠክ» ብቻ ይሰማል። ማጥበቂያውን ላላ አድርጋችሁ በጣት ጫፍ ቆዳውን ንኩት፤ ሽቦው ከመለሰላችሁ በቂ ነው። የላይኛው ቆዳ ከላላ ደግሞ ስቲኩ አይነጥርም፣ እጁ ሁሉን ሥራ ለብቻው ይሸከማል፤ እያንዳንዱን ቦልት በሩብ ዙር፣ በተቃራኒ ጥንድ እየሄዱ ማጥበቅ።

በኤሌክትሮኒክ ድራም የሚለማመዱ ሰዎች «ጎስት ኖቴ ጠፋ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ የጠፋው በማሽኑ ነው፦ የመነሻው ገደብ ከፍ ካለ ቀስታውን ምት እንደ ንዝረት ቆጥሮ ይጥለዋል። ገደቡን አንድ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ቶም የሚባለው ድራም ሳይመታ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተመለሱ።

ሀይ-ሃቱ ጎስት ኖቶቹን ከዋጣቸው «ከ»ን በስቲኩ ትከሻ ጠርዙ ላይ፣ «ሮ»ን በጫፉ አናቱ ላይ ምቱ። ባክቢቱ ከሀይ-ሃት ጋር ተደራርቦ ለሚደበዝዝበት ሰው ደግሞ የሮሊንግ ስቶንሱ ቻርሊ ዋትስ ጥሩ መምህር ነው፦ ስኔሩን ሲመታ ቀኝ እጁን ከሀይ-ሃቱ ያነሣ ነበር፣ ስኔሩ ብቻውን ይሰማል። ለአንድ ሳምንት እንደ ዋትስ 3ኛውን «ከ» ከቀኝ እጅ አስቀርቶ መለማመድ ጆሮን ያጠራል። በ6ኛው ሳምንት መጨረሻ 110 ላይ ተደርሷል።

ሳምንት 7–8፦ የቦ ዲድሊ እግር

አጽሙ ሁለት ባር ነው። በመጀመሪያው ባር ቤዝ ድራሙን (ትልቁን ድራም) በፔዳል የሚመታው እግር 1ኛው «ከ»፣ 2ኛው «ሮ»፣ 4ኛው «ከ» ላይ ይወርዳል። በሁለተኛው ባር 2ኛውና 3ኛው «ከ» ላይ፤ 3ኛው ከባክቢቱ ጋር አብሮ ነው። በዚህ ተለማምዶ የቅጂውን ትክክለኛ እግር በጆሮ እየሰሙ ማስተካከል ይቻላል። ከወረቀት ይልቅ በአፍ «ቡም … ቡም … ቡም … ቡም-ቡም» ብሎ መያዝ ይፈጥናል።

እዚህ የሚፈርሰው እግሩ አይደለም፤ ግራ እጁ ነው። 2ኛው «ሮ» ላይ እግር ሲጨመር «በ» ወደ «ሮ» ይሳባል፣ ሦስቱ ክፍል እኩል መሆኑ ይቀራል። 2ኛውን «ከበሮ» ብቻ ነጥሎ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ከእግር ጋር፣ 50 ጊዜ በ70 መምታት አስተካክሎታል። 8ኛው ሳምንት፦ 130።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚለማመዱ፦ ጎረቤትን የሚያስቸግረው የስቲኩ ድምፅ ሳይሆን በወለሉ የሚሄደው የፔዳል ግፊት ነው። ወፍራም ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም። ከታች የጎማ ንጣፍ፣ መሐል ላይ ሰሌዳ፣ ከላይ ምንጣፍ ይደረግ።

ሳምንት 9–10፦ ቦናም

«ፉል ኢን ዘ ሬይን»ን ከፐርዲ የሚለየው በየባሩ የሚከፈተው ሀይ-ሃት ነው። ለልምምድ 1ኛው «ሮ» ላይ ክፈቱትና 2ኛው «ከ» ላይ በግራ እግር ዝጉት። ሁለቱ ሳህኖች እግር ሲነሣ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከተራራቁ መዝጊያው ይዘገያል፣ ምቱም አብሮ ይጎተታል። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ጥሩ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የተያዘው የቦናም እግር ነው። በ1969 በወጣው የሌድ ዘፕሊን የመጀመሪያ አልበም፣ በመክፈቻው «ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ» ላይ፣ በአንድ ፔዳል የሚመታው ብዙዎች ሁለት ቤዝ ድራም መስሏቸው ነበር። በእኛ አቆጣጠር «ከ»ን ለእጅ ትቶ «በ»ንና «ሮ»ን በእግር ይወስዳል፣ ያውም በአንድ የሜትሮኖም ምት ሁለት «ከበሮ» እየገባ። በ94 ፍጥነት በሁለቱ የእግር ምቶች መካከል 0.106 ሰከንድ አለ። የሚበላሸው ሁለተኛው ምት ዘግይቶ «ከበሮ» ወደ «አበባዬ» ሲቀየር ነው፤ ሦስት የነበረው አራት ይሆናል። ምክንያቱ የፔዳሉ መዶሻ ቆዳው ላይ ተጭኖ መቅረቱ ነው። ተረከዝ ከፍ ይበል፣ የመጀመሪያው ምት ትንሽ ይሁን፣ መዶሻው ወዲያው ይመለስ፣ እግር ፔዳሉ ላይ ወደ ፊት ትንሽ ሸርተት ሲል ሁለተኛው ከበድ ብሎ ይምጣ። ወንበሩም ይታይ፦ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ካለ የትኛውም ፔዳል አያድንም። ከ60 ተነሥቶ በሁለት ሳምንት 78 ላይ ተደርሷል፣ 94 ገና ነው።

የድምፁ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቦናም የ26 ኢንች ሉድዊግ ቤዝ ድራም ነበረው፤ ያን ያህል መግዛት ግን ድምፁን አያመጣም። በ1971 የወጣው «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ያን ስፋት ያገኘው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል ቤት፣ ድራሙ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ፣ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ቤየርዳይናሚክ ኤም160 ማይክሮፎን ከላይ ስለሰቀለና ድምፁን ቢንሰን ኢኮሬክ በሚባል የማስተጋቢያ መሣሪያ ስላሳለፈ ነው። ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም ያለው ሰው ውስጡ የተጠቀጠቀውን ትራስ ያውጣ፣ ቆዳዎቹን ከተለመደው ከፍ አድርጎ ያጥብቅ፣ ስልኩንም ወለል ላይ ሳይሆን 2 ሜትር ርቆ በጆሮ ከፍታ ያስቀምጥ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

የተቃራኒውን ድምፅ የሚወድ ደግሞ ወደ ቢትልሱ ሪንጎ ስታር ይሂድ። በ1969 «ካም ቱጌዘር» ላይ ከሀይ-ሃት ወደ ቶም የሚወርደው ያው በሦስት የተከፈለ ምት ነው፣ ቶሞቹ ግን በፎጣ ተሸፍነዋል። ግራኝ ሆኖ በቀኝ ሰው ድራም ላይ ስለሚጫወት አካሄዱ ለቀኝ እጅ ሰው ባዕድ ነው፤ በግራ እጅ ጀምሮ መሞከር ብዙ ያስተምራል።

ሳምንት 11–12፦ ከቅጂው ጋር

12ኛው ሳምንት ሲያልቅ በ160 ለ2 ደቂቃ ንጹሕ ነው። በ172 እስከ 16 ባር ይሄዳል፤ ከዚያ በመጀመሪያ የሚጠፋው ከባክቢት በኋላ ያለው «በ» ነው። ሲጠፋ አጥብቆ መፈለግ አይበጅም፦ እሱን ትቶ ሌሎቹን ሦስት «በ»ዎች መያዝ፣ 4 ባር ቆይቶ መመለስ።

ያልተጠበቀው ነገር ከዚህ ፍጥነት በኋላ ወደ «ባቢሎን ሲስተርስ» ሲመለሱ የሚታየው ነው። ቀርፋፋው ይከብዳል። በ172 ላይ በፍጥነቱ የሚሸፈነው ያልተስተካከለ «በ» በፐርዲ ፍጥነት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ፐርዲ ምቱን በልጅነቱ ከሰማው የባቡር ድምፅ ጋር ያያይዘዋል፤ ባቡር ደግሞ በመሐል አይቸኩልም። የሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ሜትሮኖሙ በባር አንዴ፣ 3ኛው «ከ» ላይ ብቻ እንዲመታ ተደርጎ ከ110 እስከ 120 መካከል ይሠራሉ፤ የእግሩ 94ም በቀን 10 ደቂቃ ይቀጥላል።